ከባሕሩ አፍ የተነሣችው ሲያሌ

ሎሴሊ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ በሊፉካ ደሴት፣ በመንደሩ ጫፍ፣ ከሁሉም ይልቅ ለባሕሩ የቀረበው ነበር። በጣም ከመቅረቡ የተነሣ፣ ተኝታ የምትሰማው ድምፅ የማዕበሉ ይሁን የአባቷ ማንኮራፋት ለመለየት ትቸገር ነበር። አትሳቁ። አባቷን ሴሚሲን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያምናል።

በዚያ ዓመት እናቷ ፍሬ ለመልቀም ኒውዚላንድ ሄዳለች። ስለዚህ በቤቱ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ሎሴሊ፣ አባቷና የአባቷ ታላቅ እኅት አክስት ፉሲ። በእኛ ዘንድ የአባት እኅት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከእሷ ቃል በላይ ቃል የለም። ሴሚሲ፣ ያ ግዙፍ ዓሣ አጥማጅ፣ በእኅቱ ፊት ሲናገር ድምፁ እንደ ልጅ ይቀጥናል። አክስት ፉሲን የስኳር በሽታ ዓይናቸውን ወስዶባቸዋል። ብርሃንን ከጨለማ ይለያሉ፤ ከዚያ ያለፈ አያዩም።

በበረንዳው ፊት አንዲት ሲያሌ ነበረች። ቅጠሏ ዘይት የተቀባ ይመስላል፤ አበባዋ እንደ ወተት ነጭ ነው፤ ሽታዋ ከመንገዱ ማዶ ይጠራል። የተከሏት የአክስት ፉሲ እናት ናቸው። ቁጥቋጦ ብትሆንም ከሴሚሲ ቁመት በላይ ሆናለች። ከዚያ ቤት የተዳሩት ሁሉ የእሷን አበባ ጉንጉን አጥልቀዋል። የሞቱትም በእሷ አበባ ተሸኝተዋል።

ታዲያ ባሕሩ መሬቱን መብላት ጀመረ። መጀመሪያ የአሳማዎቹን አጥር ወሰደ። ቀጥሎ የወጥ ቤቱን ጥግ ወሰደ። አንድ ቀን ሎሴሊ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውሃው ከሲያሌዋ ጥቂት እርምጃ ላይ ቆሞ አየችው። ሴሚሲ በደሴቱ መሐል፣ ከፍ ባለው የቤተሰቡ መሬት ላይ አዲስ ቤት መሥራት ጀመረ።

"እትዬ፣" አለ ሴሚሲ፣ "ከሲያሌዋ ቅርንጫፍ ቆርጠን አዲሱ ግቢ እንትከል። ይህን የሚያህል ተክል ተነቅሎ አይጸድቅም።"

"ቅርንጫፉንም ትከል፤ አልከለክልህም፣" አሉ አክስት ፉሲ። "እናቴ የተከለቻትን ግን ለባሕር ጥዬ አልሄድም።"

"ባትጸድቅስ?"

"ባትጸድቅ፣ ሞክረን ሞተች እንላለን። ሳንሞክር ሞተች ማለት ግን አልችልም።"

ሴሚሲ አልተከራከረም። እሳቸው እንዳዘዙት፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ ዙሪያዋን በአካፋ እየወጋ ረጃጅሞቹን ሥሮች ቆረጠ። ከዚያም ተዋት። "ድንገት ከነቀልናት ትደነግጣለች፣" አሉ አክስት ፉሲ። "ከግንዷ አጠገብ አዳዲስ ሥር ታብቅልና ያን ይዛ ትሄዳለች።" ሎሴሊም በዚያ ሁሉ ጊዜ ውሃ አጠጣቻት።

ቀዝቃዛው ወቅት ሲገባ የማንሣቱ ቀን ደረሰ። የጸሎት ቤታችን ወንዶች ሁሉ መጡ። እኔም የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቼን ይዤ መጣሁ። ሴሚሲ ቅርንጫፎቿን ከረከመ። ቀጥሎ ዙሪያዋን ቆፈሩ፤ ከበታቿም ቆፈሩ። አክስት ፉሲ ሰሌን ላይ ተቀምጠው እያዳመጡ ነበር። "ዶማው ድንጋይ መታ። ወደ ግራ በሉ፣" ይላሉ። ወንዶቹም ወደ ግራ ይሉ ነበር።

በመጨረሻ ጎንበስ ብለው ያዟት። አነሡ፤ ምድሪቱ አልለቀቀቻትም። ዳግመኛ አነሡ። ከታች ወፍራም ጨርቅ ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ሲያሌዋ ተነሣች።

ልጆች፣ ባሕሩ እንኳ ዝም ያለ መሰለኝ። ከላይ ያለችው የምናውቃት ሲያሌ ናት። ከታች ያለውን ግን ማናችንም አይተነው አናውቅም። ጥቁር አፈር ያቀፈ፣ እርስ በርሱ የተቆላለፈ የሥር ጫካ ነበር። ከአፈሩ እርጥብ ሽታ ወጣ።

"ይህ ሁሉ እግሬ ሥር ነበር?" አለችኝ ሎሴሊ በሹክሹክታ።

"ነበር፣" አልኳት።

"ዝም ብሎ?"

እኔም እንደ እሷ ፈዝዤ ነበር።

አፈሩ እንዳይፈርስ በእርጥብ ጆንያና በአሮጌ ሰሌን ጠቀለሏት። በእንጨት ቃሬዛ ላይ አድርገው በትከሻቸው ተሸከሟት። አክስት ፉሲ የሎሴሊን እጅ ይዘው ከኋላ ሄዱ። በመንገዱ ዳርና ዳር ቆመው ይመለከቱ የነበሩ ሰዎች አንድ በአንድ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እኛ ቁጭ የምንለው ትልቅ ሰው ሲያልፍ ነው። ቁጭ በሉ ያላቸው አልነበረም። ሎሴሊ ይህን አየች። ከሲያሌዋ ኋላ መሄድ በመቻሏ እሷም የከበረች መሰላት።

በአዲሱ ግቢ ዳርቻ ሰፊ ጉድጓድ ተዘጋጅቶ ነበር። የፀሐይ መውጫን ታይ የነበረችበት ጎኗ አሁንም ወደዚያው እንዲዞር አደረጉ። ከቀድሞው ጥልቀቷ አላሳለፏትም። አፈሩን መልሰው ረገጡት፤ የኮኮናት ልጣጭ አለበሱት፤ ከፀሐይ የሚከልላት የዘንባባ ዝንጣፊ አቆሙላት።

ከዚያ አክስት ፉሲ ሎሴሊን ጠሩ።

"አባትሽ ነገ የቤቱን ቆርቆሮ ሊያመጣ በመርከብ ይሄዳል። ሲያሌዋ ያንቺ ናት። ጠዋትና ማታ ውሃ ስጫት፤ ከግርጌዋ፣ ቀስ አድርገሽ። ደግሞ በየቀኑ እንዴት እንዳለች ንገሪኝ። እኔ አላይም። ግቢው ገና ድንጋይና እንጨት ብቻ ነው፤ ብቻዬን አልደርስባትም።"

"እሺ አክስቴ፣" አለች ሎሴሊ። ከልቧ ነበር።

ውሃው የሚቀዳው ከጸሎት ቤቱ የዝናብ ውሃ ጋን ነው። መንገዱ ዳገት አለው፤ ባልዲውም ጣት ይቆርጣል። ቢሆንም ሎሴሊ በደስታ ተመላለሰች። ማታም "ደህና ናት፣ ቅጠሏ ጥቂት ጠውልጓል፣" ብላ ትነግራቸዋለች። "ይጠወልጋል፤ ግድ የለም፣" ይሏታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጓደኛዋ ኦፋ መጣች። ፀጉሯ እርጥብ ነበር።

"ባሕሩ ሞልቷል። ሁሉም ከወደቡ ላይ ወደ ውሃው እየዘለሉ ነው። ነይ።"

"ሲያሌዋን ላጠጣ።"

"የቁጥቋጦ ሞግዚት፣" አለች ኦፋ። "ጡጦም ትሰጫታለሽ?"

ሎሴሊ ሳቀች። ባልዲዋን አየች። ዳገቱን አየች። ለአንድ ማታ ምን ትሆናለች ብላ ባልዲዋን አስቀምጣ ሮጠች። እናንተ እዚያ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አትመልሱልኝ፤ ለራሳችሁ መልሱ።

ማታ አክስት ፉሲ ጠየቁ። "አጠጣሻት?"

"አጠጣኋት፣" አለች ሎሴሊ።

የመጀመሪያው ውሸት ጉሮሮ ላይ ትንሽ ይቆማል። ሁለተኛው ግን አልቆመባትም። በማግስቱም ባሕሩ ሞላ፤ በሌላውም ቀን እንዲሁ። አንዳንዴ ግማሽ ባልዲ ታፈሳለች፤ አንዳንዴ ምንም። በዚያ ሳምንት ዝናብም አልጣለም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ወደ ሲያሌዋ ሄደች። ቅጠሉ ብጫ ሆኖ መሬቱን ሸፍኖታል። ነካ ስታደርጋት የቀረውም እጇ ላይ ረገፈ። ሎሴሊ ደነገጠች። ጋኑ ጋ ሮጣ ውሃ አመጣች፤ ደግማም አመጣች። ሲያሌዋ ግን ማገዶ መስላ ቆመች።

"ዛሬስ እንዴት ናት?" አሉ አክስት ፉሲ።

ሎሴሊ አፏን ከፈተች። እውነቱ ምላሷ ላይ ነበር። የሴትዮዋን ፊት አይታ ግን ፈራች።

"ደህና ናት፣" አለች። ዝም ማለትም ስላልቻለች ጨመረች፤ "እንዲያውም እምቡጥ ይዛለች።"

አክስት ፉሲ ሰሌን እየሠሩ ነበር፤ እጃቸው ቆመ። "እምቡጥ? በዚህ ፍጥነት?"

"አዎ።"

"ሲፈነዳ አምጪልኝ፣" አሉ በዝግታ። "እናቴን እንዳገኘኋት እቆጥረዋለሁ።"

ሎሴሊ ከዚያ በኋላ ወደቡ ጋ አልሄደችም። ኦፋ ብትጠራትም አልወጣችም። ምግቡም አልጣፍጣት አለ። ቅዳሜ ምሽት ከጸሎት ቤቱ አጠገብ ባለው በመጋቢው ግቢ በኩል አለፈች። የመጋቢው ባለቤት የሜሌናይቴ ሲያሌ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ነበር፤ አበባዋ በቅጠሉ መሐል ነጭ ሆኖ ይታያል። ሎሴሊ ግራና ቀኝ አየች። አንድ ቀጠፈች።

አክስት ፉሲ አበባውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። አሸተቱት። ከዚያ ጉንጫቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ሎሴሊ አክስቷ ሲያለቅሱ አይታ አታውቅም ነበር። የባላቸውን ሞት ሳያለቅሱ የቻሉ ሴት መሆናቸውን መንደሩ ሁሉ ያወራል።

"አባትሽ አይጸድቅም ብሎ ነበር፣" አሉ። "ነገ በጉባኤ ፊት አመሰግናለሁ።"

"ይቅርብዎ አክስቴ፣" አለች ሎሴሊ።

"ለምን ይቅርብኝ? ሁሉም ተሸክሟት የለም?"

እሑድ አክስት ፉሲ እንደ ወጋችን፣ ለክብር፣ ጥሩውን ሰሌናቸውን በወገባቸው ታጠቁ። አበባውን በጆሯቸው ላይ ሰኩ። ደወሉ ሲደወል ሎሴሊ እየመራች ወሰደቻቸው። የምስክርነት ጊዜ ሲደርስ ቆሙ።

"እናንተ የተሸከማችኋት ሲያሌ አበበች፣" አሉ። "ከባሕር አፍ አወጣችኋት፤ እግዚአብሔር ደግሞ አቆማት። ይኸው አበባዋ።"

ጉባኤው ተነሥቶ ዘመረ። እኛ ስንዘምር ታውቃላችሁ፤ ወንበሩ ይንቀጠቀጣል። ያን ቀን ግን ጣራው የሚነሣ መሰለኝ። ሲያሌዋን የተሸከሙት ወንዶች ዓይናቸውን ጨፍነው ይዘምሩ ነበር። ሎሴሊ ብቻ አልዘመረችም። በስተቀኟ ሜሌናይቴ ነበሩ። አበባውን አዩ፤ ሎሴሊን አዩ፤ ምንም አላሉም።

ሲወጡ ሎሴሊ አክስቷን እየመራች በመንገዱ መሐል ደረሰች። እዚያ ቆመች።

"ምን ሆንሽ? መኪና ይመጣል፤ ከመንገድ እንውጣ፣" አሉ አክስት ፉሲ።

"አክስቴ፣ ሲያሌዋ አላበበችም።"

አክስት ፉሲ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

"ውሃ አላጠጣኋትም። ወደቡ ጋ ስዘል ነበር። ቅጠሏ ሁሉ ረግፏል። ሞታለች። አበባው የሜሌናይቴ ነው፤ ሰርቄ ነው።"

ሰዎች እያለፉ አክስት ፉሲን ሰላም አሏቸው፤ እሳቸው አልመለሱም። ከዚያ አበባውን ከጆሯቸው አወረዱ።

"ወደ እሷ ውሰጂኝ፣" አሉ።

ድንጋዩንና እንጨቱን እያሳለፈች ወሰደቻቸው። አክስት ፉሲ በእሑድ ልብሳቸው አፈሩ ላይ ተንበረከኩ። እጃቸውን ዘረጉ። ባዶ ቅርንጫፍ አገኙ። ሌላም ባዶ። ሎሴሊ ፊቷን ሸፈነች።

"እጅሽን ከፊትሽ አውርጂ፣" አሉ አክስት ፉሲ። "ዓይንሽን እፈልገዋለሁ።" አንዱን ቅርንጫፍ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፋቅ አደረጉ። "ከልጡ ሥር ምን ዓይነት ቀለም አለ?"

"ቡናማ።"

"ይህኛው ሞቷል።" ሌላውን ፋቁ። "ይህስ?"

"ቡናማ፣" አለች ሎሴሊ እያለቀሰች። ያ ትልቁ ቅርንጫፍ ነበር።

አክስት ፉሲ ወደ ግንዱ ወረዱ። ከታች፣ ለአፈሩ ቅርብ የሆነውን ፋቁ። "ይህስ?"

ሎሴሊ ጎንበስ አለች። ማልቀሷ ተቋረጠ። ከዚያ ደረቅና ግራጫ ልጥ ሥር፣ እንደ ጥፍር የቀጠነ፣ እርጥብ አረንጓዴ መስመር ነበር። በጣቷ ጫፍ ነካችው። ቀዝቃዛ ነበር።

"አረንጓዴ ነው፣" አለች። "አክስቴ፣ ውስጧ አረንጓዴ ነው።"

"በሕይወት አለች፣" አሉ አክስት ፉሲ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ በጸሎት ቤት እንደሚነጋገር ሰው ነበር። ሁለቱም እዚያ እንደ ተንበረከኩ ቆዩ። ከጎረቤት የምድጃ ጢስና በኮኮናት ወተት የበሰለ የጎደሬ ቅጠል ሽታ ይመጣል። ማንኛቸውም ምሳ አላሰቡም።

በኋላ አክስት ፉሲ ተናገሩ። "ሥሯ የተቆረጠ ተክል ውሃ ሲያጥረው ቅጠሉን ይጥላል። ሁሉን መመገብ ስለማይችል ነው። ቅጠሏ የረገፈ ቀን ብትነግሪኝ ይህን እነግርሽ ነበር። በዚያን ቀን ትልቁን ቅርንጫፍ እናሳጥረው ነበር፤ ምናልባት ይተርፍ ነበር። አሁን አይተርፍም። እናቴ በእጇ ታቅፈው የነበረው ቅርንጫፍ ነው።"

ሎሴሊ ይህን ስትሰማ ከመመታት ይልቅ አመማት።

"ይቅር ይበሉኝ፣" አለች።

"ይቅር ብዬሻለሁ። ግን እኔም ባንቺ ቃል በእግዚአብሔር ፊት የሌለ ነገር ተናግሬአለሁ። ማን ያቃናዋል?"

ሎሴሊ መልሱን ታውቅ ነበር። እየፈራችም ቢሆን "እኔ፣" አለች።

ከመሄዳቸው በፊት ባልዲውን አነሣች፤ ከዚያ አስታወሰችና ቆመች። "ሰንበት ነው እኮ።"

"ለተጠማ ውሃ መስጠት ሥራ አይደለም፣" አሉ አክስት ፉሲ። "ሂጂ።"

ጋኑ ጋ ስትደርስ ሜሌናይቴ በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሎሴሊ ባልዲዋን አስቀምጣ ቀረበች።

"አበባዎን የሰረቅሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ፣" አሉ ሜሌናይቴ። "የራሴን አበባ አጣዋለሁ? አንቺ እስክትመጪ እየጠበቅሁ ነው።" ከዚያ ተነሥተው ባልዲውን ራሳቸው ሞሉላት። "ብትጠይቂኝ ደግሞ ጉንጉን ሠርቼ እሰጥሽ ነበር፣ አንቺ ሞኝ።"

በማታው ጉባኤ ሎሴሊ ቆመች። የተሸከሙት ሰዎች ሁሉ እዚያ ነበሩ። "ሲያሌዋ አላበበችም፣" አለች። "የዋሸሁት እኔ ነኝ። አክስቴ አላወቁም።" ከዚያ ተቀመጠች።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ትከሻው እስካሁን የቆሰለው ሽማግሌ፣ ዘወር ብሎ "ሞታለች?" አላት።

"ውስጧ አረንጓዴ ነው፣" አለች ሎሴሊ።

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ማንም ሳያዘው መዝሙር ጀመረ። የጠዋቱን ያህል ጣራ አላነሣም። ዝግ ያለ ነበር፤ ሰው ታማሚ አጠገብ ሆኖ እንደሚዘምረው። በዚያ ማታ ሎሴሊ ዘመረች።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ውሃ ተሸከመች። ኦፋ አንዳንዴ በሌላ ባልዲ ታግዛት ነበር፤ እየቀለደች ቢሆንም። ሴሚሲ በመርከብ ሲመለስ፣ ገና ቆርቆሮውን ሳያወርድ ሎሴሊ ወደቡ ላይ ሁሉን ነገረችው። ተቆጣ። ከዚያ መጋዙን ይዞ መጣና የሞቱትን ቅርንጫፎች ቆረጠ። ትልቁን ሲቆርጥ ሎሴሊ አጠገቡ ቆማ እንድታይ አደረጋት። ከሲያሌዋ የቀረው ጉልበት የማይደርስ ጉቶ ነበር። ሳምንታት አለፉ፤ ምንም አልታየም። ሎሴሊም ማታ ማታ "ዛሬም ምንም የለም፣" ትላለች። አክስቷም "እሺ፣" ይላሉ።

አንድ ጠዋት ባልዲዋን ይዛ መጣች። ጎንበስ ስትል ከደረቀው ልጥ መሐል አንድ ነገር አየች። ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም። ልጡን ሰንጥቆ ወጥቷል። አረንጓዴ ነው። ትናንት እዚያ አልነበረም። ማንም አላስቀመጠውም። ሎሴሊ ውሃው እንዳይረጭበት ባልዲውን ራቅ አድርጋ አስቀመጠች። ትንፋሿን ያዘች። ከዚያ ሮጣ አክስቷን አመጣች፤ ጣታቸውንም ቀስ አድርጋ እዚያ ላይ አሳረፈች።

አክስት ፉሲ ጣታቸውን አላነሡም። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳሉ ሎሴሊ አልሰማችም።

"ሌላስ አለ?" አሉ በመጨረሻ።

ሎሴሊ ጉቶውን ቀስ እያለች ዞረችው። "እዚህ የለም፣" አለች። "እዚህም የለም። ይሄ ደርቋል። እዚህ፣ አዎ፣ እዚህ አንድ አለ። በዚህ በኩል ምንም የለም።" አክስት ፉሲ ፊታቸውን ወደ ድምፏ አዙረው፣ እያንዳንዱን ቃል በጸጥታ እየተቀበሉ ያዳምጧት ነበር።

ልጆች፣ ስታጠፉ ሳትዘገዩ እውነቱን ተናገሩ፤ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትምና።